ለአንድ ጆሮ የሚበቃ ድምፅ

ትልቅ ነገር ለሚፈልግ ሰው ከተማው በሩ ክፍት ነው። ትንሽ ነገር ፍለጋ የወጣ ሰው ግን ጉዱ ፈላ፤ ሻጩ መጀመሪያ የሚመረምረው ጤናውን ነው። እኔ የደረሰብኝን ላውጋችሁ። ከሦስተኛ ክፍል ስላላለፍኩ ቃሌ ቢጎረብጣችሁ ይቅር በሉኝ።

ሥራዬ ሽመና ነው። ሽሮ ሜዳ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ፣ እግሬን ጉድጓድ ሰድጄ መወርወሪያዬን ሳመላልስ እውላለሁ። ከሽመናው በተረፈኝ ሰዓት የተበላሸ ሬዲዮ እፈታለሁ። እፈታለሁ ስል መፍታቱን ነው እንጂ፣ አንዳንዱ ተመልሶ እንኳ አይገጠምም። አንድ ጊዜ ለግቢያችን የበር ደወል ሠርቼ ነበር። ደወሉ ዛሬም ይሠራል፤ የሚጮኸው ግን ዝናብ ሲዘንብ ነው። ከዚያ ወዲህ ስሜ «ኢንጂነሩ» ሆኖ ቀረ።

ስሙን ያወጣችልኝ ዘነበች ናት። ከእኔ ክፍል ፊት ለፊት የምትኖር፣ አዲሱ ገበያ ቆሎ የምትሸጥ፣ ልጆቿን ድራ ብቻዋን የቀረች ጎረቤቴ። እኔም ሚስቴን ከቀበርኩ ቆይቻለሁ። አሁን ምን እያሰባችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። አታስቡት። ዘነበች ማለት ጠዋት ለዶሮዎቿ ጥሬ ስትበትን ስድብም አብራ የምትበትን ሴት ናት፤ «ኑ እናንተ ሆዳሞች! ምነው እንዲህ ዓይነት ፍጥረት አድርጎ ፈጠራችሁ!» ትላለች። እኔ በዚያ ሰዓት ወደ እንጦጦ ዞሬ ቆሜአለሁ። ጭጋጉ ከባሕር ዛፉ ላይ እንደ ነጠላ ሲገፈፍ እያየሁ ጸሎቴን ስጀምር፣ ድምፅዋ መጥቶ ያደናቅፈኛል። ሃያ ዓመት ተደናቅፌአለሁ። «አቤቱ፣ ለዚህች ሴት ጥቂት ዝምታ ስጣት» ብዬ የለመንኩበት ቀን አለ፤ አልደብቃችሁም።

ታዲያ ዶሮዋ አሥራ አንድ ጫጩት በፈለፈለች በሳምንቷ ውሻ በላት። ዘነበች ገበያ ትውላለች፤ ጫጩቶቹ እናት ፍለጋ በግቢው ይበተናሉ፤ ከላይ ጭልፊት ያንዣብባል። እኔ እግሬን ከጉድጓድ እስካወጣ አንዱ ሄዷል። ስጠራቸው ደግሞ ይባስ ይሸሹኛል። አሥራ አንዱ ሰባት ሆኑ።

«እነዚህም ካለቁ ጓዜን ጠቅልዬ አገር ቤት ወንድሜ ዘንድ እገባለሁ» አለች አንድ ቀን ከገበያ ተመልሳ፣ ደፍ ላይ ተቀምጣ። «እዚህ ምን ቀረኝ?»

ድምፅዋን ሳታነሳ፣ ማንንም ሳትሰድብ ነው የተናገረችው። ያ ነው ያስደነገጠኝ።

በማግስቱ ስሸምን የጫጩቶቹ ጩኸት እንደ ቀጭን ፈትል በድሩ መሃል ይገባል፣ ይወጣል። እጄ ይሠራል፤ እኔ የለሁም። በዚያ ሰመመን ውስጥ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። እናት ለጫጩት ምንድን ናት? ሙቀትና ድምፅ። ሙቀቱን ከጥጥና ከአሮጌ ጋቢ እሠራለሁ። ድምፁን ደግሞ ከሌላ እናት ዶሮ እቀዳለሁ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ዘነበችን አስከትዬ ሸጎሌ ሄድኩ፤ እዚያ አንዲት ዘመዷ ባለ ጫጩት ዶሮ አላት። ስልኬን ወደ ዶሮዋ ዘርግቼ ተንበረከክሁ። ቁር ቁር ትላለች፣ ደስ ሲል! ወዲያው ከኋላዬ ተጀመረ።

«ቀስ በል አንተ ሰውዬ! እናት ናት፣ ዓይንህን ነው የምታወጣው! ለዶሮ የሚሰግድ ኢንጂነር አየን!»

«ዝም በይ፣ እየቀዳሁ ነው።»

«እኔ መች ተናገርኩ?»

ዶሮዋ ከዚያ በኋላ አልደገመችም።

ከካርቶን የዶሮ ሆድ የምታክል ሳጥን ሠራሁ፤ ውስጧን በጥጥ ሞላሁ፣ አፏ ላይ የጋቢ ጥለት አንጠለጠልኩ። ከሬዲዮ የፈታሁትን ስፒከር አጠገቧ አስቀምጬ ስከፍተው፣ የመጀመሪያዋ «ቁር» ምድር አንቀጠቀጠች። ጫጩቶቹ አጥር ሥር ገብተው እስኪመሽ አልወጡም። ስፒከሩ የሳህን ስፋት ነበረው፤ እኔ የምፈልገው የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ሆነ።

አዲሱ ገበያ ስደርስ እያካፋ ነበር። ከየሱቁ ደጅ ዘፈን፣ ማስታወቂያ፣ ታክሲ ጠሪ አንዱ በአንዱ ላይ ይጮሃል፤ ሁሉም ይናገራል፣ የሚሰማ ግን የለም። እኔ በመሃሉ ትንሿን ድምፅ እያሰብኩ እንደ ሕልም እራመዳለሁ። አንዱ ባለሱቅ ቁመቱ እኔን የሚያህል ስፒከር አወጣልኝ።

«ፋዘር፣ ይሄ ቤዙ ደረት ይመታል!»

«ደረት የማይመታ ነው የምፈልገው።»

«ያነሰ አለ፤ ግን ከግቢ ውጭ አይሰማም።»

«ከሳጥን ውጭም ባይሰማ ደስ ይለኛል።»

ጓደኛውን ጠራና ሁለት ሆነው አዩኝ። ሦስት ሱቅ እንዲህ ታየሁ። በመጨረሻ ከመናኸሪያው ጥግ ወዳለው ሰይድ ወደሚባል ሞባይል ሠሪ ዘለቅሁ። ጠረጴዛው ላይ የሞቱ ስልኮች ተከምረዋል።

«ለምን ሊሆንዎት ነው ጋሼ?»

«ለእናት።»

«ለማን እናት?»

«ለጫጩት» አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

አልሳቀም። ከመሳቢያው ሁለት ቅንጣት አውጥቶ መዳፌ ላይ አኖረልኝ። «ይቺ ስልኩ ሲጠራ የምትጮኸው ናት፤ ለሰፈር ትበቃለች። ይቺ ደግሞ ጆሮ ላይ የምታወራው ናት፤ ለአንድ ጆሮ ነች።» ሁለተኛዋን መረጥኩ። «ጫጩቶቹ ሲያድጉ መጥተው ይንገሩኝ» አለኝ፤ ዋጋው ይኸው ብቻ ሆነ።

ቅጂውን በሚሞሪ ከምታጫውት አሮጌ ሬዲዮ ጋር በየድኳትና ጥጡ ውስጥ ቀበርኳት። ዘነበች ገበያ ናት። አማትቤ ከፈትሁ። ዶሮዋ በቀጭኑ ቁር ቁር አለች። ሰባቱ ጫጩቶች ቆመው አዩ። ቁር ቁር። አንዱ ጀርባውን ሰጥቶ መሬት መጫር ጀመረ። የወንድሟ አገር ታየኝ።

ያኔ ከጥጡ ውስጥ፣ እንደ ትንኝ በቀጠነ ድምፅ፣ «ቀስ በል አንተ ሰውዬ!» አለ።

ሰባቱም ሮጡ። እየተገፋፉ፣ ጥለቱን እየገለጡ ገቡና ጭጭ አሉ።

ለካ ዓይናቸውን ከገለጡ ጀምሮ በየማለዳው እየሰደበ ያበላቸው ያ ድምፅ ነው። እኔ ዶሮ ፍለጋ ሸጎሌ ድረስ ስሄድ፣ እናትየው ከኋላዬ ቆማ ስትናገር ነበር።

ቆርጦ መቀጠል የማውቀው በክር ብቻ ስለሆነ ቅጂውን እንዳለ ተውኩት። ቀኑን ሙሉ ዶሮዋ ትናገራለች፣ ጫጩቶቹ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ እኔ እሰደባለሁ፣ እነሱ ይገባሉ። ጭልፊቱ ባዶ ግቢ ሲዞር ሰነበተና ሌላ ሰፈር ፈለገ።

«ሠራልህ?» አለችኝ ዘነበች።

«ሠራ።»

«እናታቸውን አወቁ?»

«አወቁ።» ሐሰት አልተናገርኩም።

አሁን አድገዋል፤ ሁለቱ እንደ አውራ ዶሮ መጮህም ጀምረዋል። ለሰይድ ሄጄ ነግሬዋለሁ። ጓዝ መጠቅለሉ ተረሳ። ዘነበች ግን ልጇ ስለወለደች አራስ ልትጠይቅ ሄዳለች፤ ሁለት ሳምንት ብላ፣ ዶሮዎቹን ለእኔ አደራ ሰጥታ። ጥሬ የምበትነው ሳልሳደብ ስለሆነ በጥርጣሬ ነው የሚበሉት። ጠዋት ወደ እንጦጦ ዞሬ ጸሎቴን ስጀምር የሚያደናቅፈኝ የለም። ቶሎ ያልቅብኛል። የለመንኩት ዝምታ ዘግይቶ ደረሰልኝ መሰለኝ፤ የተሰጠን እንዴት እንደሚመልሱት ደግሞ የንስሐ አባቴን ለመጠየቅ አፈርኩ።

ሳጥኗን መስኮቴ ላይ፣ ከሽመናዬ አጠገብ አስቀምጫታለሁ። ከምሳ በፊት አንዴ፣ ከምሳ በኋላ አንዴ ጆሮዬን አስጠግቼ እከፍታታለሁ። «ቀስ በል አንተ ሰውዬ!» ትላለች። ቀስ እላለሁ።

ባትሪ ሳይሠራ ከተቀመጠ ይበላሻል። ይህን ማንኛውም ኢንጂነር ያውቀዋል።