ፔርሙዟ ስንት ናት?

እንግሊዝ ዕቃውን አይጥልም። ይሸጣል። አንዱ ክዳን የሌለው ድስት ሲሸጥ፣ ሌላው ድስት የሌለው ክዳን ሲገዛ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ትንሽ ፀሐይ ብልጭ ስትል ደጁ ላይ ጠረጴዛ ይዘረጋል፣ የቤቱን ጓዝ ይደረድራል፣ ወንበሩን ስቦ ይቀመጣል። ጋራዥ ሴል፣ የመኪና ቤት ሽያጭ እንደማለት፣ ይሉታል። ጋራዥ ያለውም የሌለውም ይሸጣል። እኔ ለምሳሌ ጋራዥ የለኝም። መኪናም የለኝም። ያለኝ ኬኒንግተን ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ የካውንስል፣ ማለት የመንግሥት ኪራይ፣ ቤት ነው፤ ሊፍቱም ሲያሰኘው ነው የሚሠራው። ግን ሸጥኩ። እንዴት እንደሸጥኩ ስሙኝማ። ትርፋማ ጋራዥ ሴል ማካሄድ የሚፈልግ ካለ ይማርበታል፤ ካልሆነም ይስቅብኛል፣ ለምጄዋለሁ።

ነገሩ የመጣው በእማዬ ነው። እማዬ ሁለቴ ቪዛ ተከልክላ በሦስተኛው ተፈቀደላት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በስልክ ብቻ ያየኋት እናቴ ለሦስት ወር ልትመጣልኝ ነው። እልል አልኩ። ባሌ ጌታሁን የአውቶቡስ ሹፌር ነው፣ ከሥራ ገብቶ ጫማውን እያወለቀ ነበር፤ እሱም ደስ አለው። ከዚያ ወደ ትንሿ ክፍል አየና፣ የት ልትተኛ ነው አለኝ። ክው አልኩ። ትንሿ ክፍል የእማዬ ክፍል ናት። ቤቱን የተረከብን ዕለት እንደዚያ ብለን ነው የሰየምናት። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ በሯ ግማሽ ድረስ ብቻ ነው የሚከፈተው።

ውስጧ ምን አለ? ስጦታ። ስንጋባ የተሰጠን፣ ቤት ስንገባ የተሰጠን፣ እኔ የሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ስሆን የተሰጠን። መቼም አበሻ ባዶ እጁን ሰው ቤት አይሄድም። ይዞ የሚሄደው ደግሞ አራት ነገር ነው፤ ብርድ ልብስ፣ የሻይ ብርጭቆ፣ ሳህን ወይም ፔርሙዝ። የነብር ሥዕል ያለባቸው ስድስት ብርድ ልብሶች ነበሩን። ለሁለት ሰው ስድስት ነብር። ፔርሙዝ አምስት። ከሁሉም የማልረሳት ሮዟን ናት፤ አበባ የተሳለባት፣ እጀታዋ ወርቅማ፣ ሁለት ሊትር የምትይዝ። እሷን የሰጡን እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው፣ የቸርቻችን ትልቅ ሰው፣ ሁላችንንም የዳሩንና የመከሩን።

ለምን አልተጠቀማችሁባቸውም ትሉኝ ይሆናል። በስጦታ ዕቃ ማን ይጠቀማል? የተሰጠሽን ከነካርቶኑ አስቀምጠሽ፣ ቀኑ ሲደርስ ለሌላ ሰው ትሰጫለሽ፤ እንደዚያ ነው የምንኖረው። እኔ ግን ማን የቱን እንደሰጠኝ እረሳለሁ። ለሰጪው መልሼ እንዳልሰጥ ስፈራ ስፈራ፣ ሁሉም እኔው ጋ ተከማቸ።

ከጎናችን ፓት የምትባል እንግሊዛዊት አሮጊት አለች። በየበጋው ትሸጣለች። ምክር ስጪኝ ስላት ደስታዋን ብታዩ፣ ቡናዋን ትታ ወረቀት አመጣች። ሁሉም ዕቃ ላይ ዋጋ ለጥፊ አለችኝ። ዝርዝር ሳንቲም፣ ፔንስ፣ ያዢ። በጠዋት ጀምሪ። ስለ ዕቃው ታሪክ አታውሪ። ከሁሉ በላይ ግን፣ ለምታውቂው ሰው አትሽጪ። የመጨረሻዋን ስሰማ ሳቄ መጣ። የማላውቀውን ሰው ከየት አመጣለሁ? ዕለቱኑ በቸርቻችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ፖስት አደረግኩት።

በዋዜማው መቶ ሃያ ሳምቡሳ ጠበስኩ። ፓት ሽታው ጠርቷት መጣችና በስንት ልትሸጪው ነው አለችኝ። አይሸጥም አልኳት። ሰው ደጄ ድረስ መጥቶ አፉን ሳያሟሽ ሊሄድ ነው? ፓት ራሷን ነቀነቀች። ሳምቡሳውን ግን በላች፣ ያውም አራት።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ይጀመራል ብዬ ነበር የጻፍኩት። እንግሊዞቹ ሁለት ተኩል ላይ ፎቁ ሥር ያለው ግቢ ውስጥ ቆመው ጠበቁኝ። ዕቃውን አገላበጡ፣ አመሰገኑ፣ ሄዱ። አንድ ሰውዬ ብቻ ብርጭቆ ገዛ። የእኛ ሰዎች ሰባት ሰዓት ላይ መጡ፣ ሁሉም አንድ ላይ። ከፊንስበሪ ፓርክ ባቡር ቀይረው የመጡ ሁሉ ነበሩ። ለሳምቡሳው ነው ብሎ የሚያማቸው ጌታሁን ነው፣ እኔ አላልኩም።

እኔ ደግሞ ዋጋ መጥራት አቃተኝ። ስቲከሩ አምስት ፓውንድ ይላል፣ አፌ ግን ኧረ ላንቺ ሁለት ይበቃል ይላል። ከኦፕራሲዮን ስወጣ ሾርባ በሳህን ይዛልኝ ለመጣች ሴት ሳህን ልሸጥላት? ሁለቱን ፓውንድ እንኳ የተቀበልኩት አንገቴን ደፍቼ ነው። ከዚያ ደግሞ ምርቃቱ አለ። የቸርቻችን ሰው ሲገዛ ይመርቃል። ጌታ ይባርክሽ፣ ቤትሽን ይሙላልሽ ብሎ እጁን ራስሽ ላይ ከጫነ ሰው ጋር ሦስት ፓውንድ ይቀርሃል ተብሎ ይከራከራሉ? ቤትሽን ይሙላልሽ የምትለዋ ብቻ ትንሽ ቅር አለችኝ። እኔ እኮ ባዶ ለማድረግ ነበር የወጣሁት።

እትዬ ጥሩወርቅ ስምንት ሰዓት ላይ መጡ። ሳምቡሳቸውን በሉ፣ ሻያቸውን ጠጡ፣ ጠረጴዛውን ቀስ ብለው ዞሩትና ሮዟ ፔርሙዝ ፊት ቆሙ። በገዛ እጃቸው የሰጡኝን ፔርሙዝ የሦስት ፓውንድ ስቲከር ለጥፌ አውጥቻታለሁ! ምን ነክቶኝ ነው ቤት ያልደበቅኳት? አነሷት። ክዳኗን ከፍተው አሸተቱ። ገልብጠው ሥሯን አዩ።

«ፔርሙዟ ስንት ናት?» አሉኝ።

«ኧረ እትዬ፣ እኔ ለእርስዎ ልሸጥ? ይውሰዷት» አልኳቸው።

ተባረኪ አሉና ቦርሳቸው ውስጥ ከተቷት። ያውቋት አያውቋት ፊታቸው አይናገርም።

አመሻሽ ላይ ጌታሁን ሒሳብ ሠራ። የሸጥነው ለሳምቡሳው ሥጋና ዘይት አልበቃም። ይኼ ጋራዥ ሴል ነው ወይስ ድግስ አለኝ። እኔ ግን ግድ አልሰጠኝም። የእማዬ ክፍል በር ግድግዳውን እስኪነካ ተከፈተ። አልጋ አስገባን፣ መጋረጃ ሰቀልን፣ በሩን ሦስት አራት ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁት።

እማዬ መጣች። ስለ አውሮፕላን ማረፊያው አላወራም፤ የማላውቃቸውን መንገደኞች ሁሉ አስለቅሻለሁ፣ በቃ። በማግስቱ እሁድ እንግዳ መምጣት ጀመረ። እናት ከአገር ቤት መጥታ እንኳን ደህና መጡ የማይል አለ? ባዶ እጁንስ የሚመጣ አለ? የመጀመሪያዋ እንግዳ የነብር ብርድ ልብስ አቅፋ ገባች። ነብሩን አወቅኩት። ጆሮው ላይ የተመዘዘች ክር አለች። ሁለተኛዋ ሳህን አመጣች። እኔ የለጠፍኩት ስቲከር እላዩ ላይ ነው፣ አምስት ፓውንድ ይላል። በሁለት መግዛቷን የምናውቀው እኔና እሷ ብቻ ስለሆንን፣ ሆን ብላ ትታዋለች። በሦስተኛው እሁድ እትዬ ጥሩወርቅ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይዘው መጡ። ጥቅሉ እጀታ ነበረው።

ወር ሳይሞላ በሩ ግማሽ ድረስ ብቻ መከፈት ጀመረ።

አንድ ጠዋት እማዬን ልቀሰቅስ በጎኔ ሾልኬ ገባሁ። በብርድ ልብስ ክምርና በሳህን ካርቶን መሃል ኩርምት ብላ ተኝታለች። የአልጋው ግርጌ ስለተያዘ እግሯን መዘርጋት አልቻለችም፤ ጉልበቷን ደግሞ ያማታል። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ዘጠኝ ዓመት ጠብቄ እናቴን መጋዘን ውስጥ አስተኛኋት! ነቃችና ምን ሆነሽ አለችኝ። ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኳት፤ ስቲከሩን፣ ሁለት ፓውንዱን፣ ፔርሙዟን፣ ሳምቡሳውን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እማዬ መርካቶ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ብርጭቆና ሳህን ሸጣ ነው ያሳደገችን።

«አብልተሽ ሸጥሽ?» አለችኝ በመጨረሻ።

አዎ አልኳት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ግድግዳው ዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁና በእኔ የተነሳ አለቀሰች ብዬ ደነገጥኩ። ለካስ እየሳቀች ነው።

ተነሥታ ፊቷን ታጠበችና ግሩፑ ላይ ጻፊ አለችኝ። ሽያጭ የሚል ቃል እንዳታስገቢ፣ እናቴ ወደ አገሯ መመለሷ ስለሆነ መጥታችሁ ተሰናበቷት በይ። እማዬ፣ የምትሄጂው እኮ ከሁለት ወር በኋላ ነው አልኳት። ታዲያ መሄዴ ይቀራል እንዴ አለችኝ።

ጠረጴዛ አልፈለገችም። አንድ ወንበር ግቢው ውስጥ አስወጣች፣ ዕቃውን ከጎኗ አስደረደረች፣ ስቲከሩን ሁሉ በጥፍሯ ላጠችው። ሳምቡሳ የሚባል ነገር እንዳላስብ አስጠነቀቀችኝ። ጭራሽ ከአጠገቧ እንድርቅ አዘዘችኝ፤ ፊትሽ ገበያ ይዘጋል አለችኝ። ከፓት ጋር አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

ሰው መጣ። እያንዳንዱን አስጎንብሳ ትስማለች። ስለ ልጆቹ ትጠይቃለች፣ ስለ ወገቡ ትጠይቃለች፣ ስለ ሥራው ትጠይቃለች። አትቸኩልም። ከዚያ ያመጣላትን ዕቃ ራሱን ከጎኗ ታነሳለች። ማን ምን እንዳመጣ አንዱንም አልረሳችም፤ በዚህ እኔ የሷ ልጅ አልመስልም።

«ልጄ፣ ይቺን ያመጣሽልኝ አንቺ ነሽ» ትላለች። «ሻንጣዬ አልችልም ብሎኝ ነው። ለባዳ ከምሰጣት አንቺው ያዢልኝ። ለመንገዴ ደግሞ ደስ ያለሽን።»

ደስ ያለሽን! ጉልበቷን እያሻሸች አገሯ ለምትገባ እናት፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ማነው ሁለት ፓውንድ ደስ አለኝ የሚል? አሥር ብቻ ያወጣ አልነበረም። ሃያ፣ ሠላሳ፣ አንዷማ ሃምሳ። ሳህኑን ከእኔ በሁለት የገዛችው ሴት ደግሞ፣ በነጻ አምጥታው መልሳ በሠላሳ ገዛችው። መራቂዋም እማዬ ሆነች። ቤትሽን ይሙላልሽ እያለች ነብሩን ታሸክማለች። ፓት ቋንቋውን ባታውቅም ሁሉም ገብቷታል፤ እናትሽ የት ነው የተማረችው አለችኝ።

እትዬ ጥሩወርቅ ብቻ አልተያዙም። እማዬ ሮዟን ፔርሙዝ ስታነሳ ቀደሟት። እሷንስ ለልጅዎ ይተዉላት፣ ድሮም የሷ ነበረች አሉ፣ እኔ እስክሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። ለካ ያውቁ ኖሯል! ጆሮዬ ጋለ። ፓት ምን ሆንሽ ብትለኝ ፀሐዩ ነው አልኳት።

ሁለቱን ወር እማዬ እግሯን ዘርግታ ተኛች። እንዴት ያለ ጥሩ ሁለት ወር ነበር። የምትሄድ ዕለት ጠዋት ወደ ክፍሏ ጠራችኝና ሃያ ፓውንድ አለችኝ። ለምኑ ብላት ለፔርሙዟ አለች። ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

«በነጻ ስለመጣችልሽ ነው የናቅሻት። አሁን ክፈይና ተጠቀሚባት።»

ከፈልኩ። ብሩን አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ ሻጠችው፣ መረቀችኝ፣ ሄደች።

አሁን ክፍሏ ባዶ ናት። በሩ እስከ ግድግዳው ይከፈታል። እከፍተዋለሁ፣ መልሼ እዘጋዋለሁ። እማዬ በጣም ናፍቃኛለች። ሻይ የምናኖረው በሮዟ ፔርሙዝ ነው፤ ለሁለት ሰው ሁለት ሊትር።

ባለፈው ቅዳሜ ፓት ዕቃዋን ዘርግታ ሳለ ሻይ ይዤላት ወረድኩ። ፔርሙዟን አየቻትና ወደደቻት። ስንት ናት አለችኝ። አትሸጥም ልላት ነበር። ግን የእማዬን ቃል አንዴ ከራሴ አፍ መስማት አማረኝ። ወንበር ላይ ተደላድዬ ተቀመጥኩ። ጉልበቴን አሻሸሁ። ፊቴን አሳዝኜ፣ ደስ ያለሽን አልኳት።

ፓት ትንሽ አሰበችና ደስ አላት። ሃምሳ ፔንስ አለችኝ።