ሽማግሌ ልኬ ሬዲዮ ተጠየቅኩ

ወገን፣ ዛሬ የሆነብኝን አከራዬ ጋሽ ደምሴ ሰፈሩን ከማዳረሳቸው በፊት ከእኔው ስሙት።

ከሁለት ሳምንት በፊት ለትብለጥ ቤተሰቦች ሽማግሌ ላክኩ። ትብለጥን ታውቋታላችሁ፤ ፎቶዎቼ ሁሉ ላይ ግማሽ ትከሻዋ የሚታየው ልጅ ናት። አባቷ መሪጌታ ናቸው፤ ጣና ዳር ካለች ቤተ ክርስቲያን ዜማ ያስተምራሉ። እኔ ደግሞ ቢሮ ቁጭ ብዬ ኤክሴል የምሞላ ሰው ነኝ።

ሽማግሌዎቹን የመሩት ጋሽ ደምሴ ናቸው። ሽማግሌ ሙሽራ ማሞገስ ሲጀምር ደግሞ ልክ የለውም። መሪጌታ "ልጁ የእጅ ሙያ አለው?" ሲሏቸው ትንሽ አሰቡና "ሬዲዮ ከባዶ ተነሥቶ ይሠራል" አሉ።

እኔ!

የክፍሌን አምፖል የሚቀይሩልኝ እሳቸው ራሳቸው ናቸው እኮ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ቀን ያለ ባትሪ ስለሚሠራ ሬዲዮ የሚያሳይ ቪዲዮ ሼር አድርጌ ነበር። ሼር ነው ያደረግኩት። ለጋሽ ደምሴ ልዩነቱ አልታያቸውም።

መሪጌታ እንደ ወጉ መልሱን ለቀጠሮ አሳደሩት። ብቻ አንድ ነገር ጨመሩ፦ "በቀጠሮው ልጁም ይምጣ፤ ሬዲዮውን ይዞ።"

ቪዲዮውን ደጋግሜ አየሁት። የመዳብ ሽቦ፣ ሽቦው የሚጠመጠምበት የሶፍት ካርቶን፣ ጣቢያ መቃኛ፣ ዳዮድ የምትባል ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ነገር፣ አንድ ማዳመጫ። ሽቦውን የተቃጠለ ሞተር ከሚጠግን ሰው ለመንኩ። መቃኛውና ዳዮዷ ግን ከየት ይምጡ? ፔዳ አካባቢ ያለ ሞባይል ጠጋኝ ሁሉ ሳቀብኝ። አንዱማ አዝኖልኝ "ወንድሜ፣ ስልክህ ላይ ሬዲዮ አለ እኮ" አለኝ።

ያዳነችኝ ትብለጥ ናት። "እኛ ሰፈር ልዋጭ እያለ የሚዞረው ሰውዬ አሮጌ ሬዲዮ አያጣም" አለችኝ። እውነትም ከጆንያው አንድ አወጣልኝ። ልዋጭን የማያውቅ ካለ፣ አሮጌ ዕቃችሁን ወስዶ አዲስ የፕላስቲክ ዕቃ የሚሰጣችሁ ሰው ነው።

ሬዲዮውን በታትኜ የሚያስፈልገኝን ወሰድኩ። የተረፈውን፣ ትልቁን ስፒከር ጨምሮ፣ ጣልኩት። የጣቢያ ሰሌዳው ላይ በቀይ ቀለም የተሠራ ነጠብጣብና ጎበጥ ያለ ጭረት ነበረበት። ቪንቴጅ ነገር መስሎኝ እሱንም የራሴን ሬዲዮ በገጠምኩበት ሳጥን ፊት ላይ ለጠፍኩት።

ከዚያ ለአንቴና ሽቦ ዛፍ ላይ ዘርግቼ ማዳመጫውን ጆሮዬ ውስጥ ከተትኩ። እንስራ ውስጥ ሆኖ እንደሚያወራ ሰው አንድ ድምፅ መጣ።

አለቀስኩ። እውነቴን ነው። እስከዛሬ በእጄ ሠርቼ የማውቀው እንቁላል ፍርፍር ብቻ ነበር።

ዛሬ ቀጠሮው ደረሰ። እናቷ እትዬ ጥሩወርቅ በአዲስ ሰማያዊ የፕላስቲክ ሳፋ እጅ አስታጠቡን። ይቺን ሳፋ ያዙልኝ።

መሪጌታ ሳጥኑን ተቀበሉኝ፤ መነጽራቸውን አድርገው ሰሌዳውን ረጅም ጊዜ አዩት።

"ይኸ ቀይ ምልክት ምንድን ነው?"

እዚህ ላይ "አላውቅም" ማለት ይቻል ነበር። አንድ ቃል ናት!

"ካሊብሬሽን ነው የኔታ" አልኩ። "የፍሪኩዌንሲ ልኬት። ራሴ ነኝ ያደረግኩበት።" ጋሽ ደምሴ በኩራት ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ይኸኛው ርክርክ ነው" አሉ መሪጌታ በጣታቸው እያሳዩ። "ድምፁ የሚንቀጠቀጥበት ጣቢያ ላይ አደረግሁበት። ይኸኛው ድፋት ነው፤ ድምፁ የሚወርድበት። የዜማ ምልክት ነው ልጄ። የጻፍሁትም እኔ ነኝ። ሬዲዮዬ ከፋሲካ ጀምሮ ጥገና ቤት ነው ተብዬ ስጠብቅ ነበር።"

ቀና ስል እትዬ ጥሩወርቅ ሳፋዋን እንደያዙ በሩ ላይ ደርቀዋል።

ሳፋዋን አየሁ። ሬዲዮውን አየሁ። ለልዋጩ የሰጡት እሳቸው እንደሆኑ ገባኝ። እንደገባኝም ገባቸው።

አሁን እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? እውነቱን ብናገር አማቴን ሳላገኝ አጣኋት። ዝም ብል ሌባ ነኝ።

"ጥገና ቤቱ እኔ ነኝ የኔታ" አልኩ። "ሊጠገን የመጣው እኔ ጋ ነበር።"

"ከፋሲካ ጀምሮ?"

"አዎ።"

"እና ልትጠግነው ወስደህ አረድኸው?"

"አዎ የኔታ።"

ትብለጥ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች እስካሁን አልነገረችኝም።

መሪጌታ ግን ሰው ናቸው፤ ይሞከር አሉ። ሽቦውን ጓሯቸው ካለው ማንጎ ላይ ሰቀልኩላቸው። ማዳመጫውን ይዘው ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ።

"ይናገራል" አሉ በመጨረሻ። "ግን ያንሾካሹካል። የእኔው ጮኾ ነበር የሚናገር።"

ጋሽ ደምሴ በሩ የተከፈተ መስሏቸው "ታዲያ የኔታ፣ መልሱን..." ብለው ጀመሩ።

"ሬዲዮዬ እንደ ድሮው ሲናገር እኔም እናገራለሁ" አሉ መሪጌታ።

ቀጠሮው ይኸው ነው። ቀን የለውም።

ስወጣ እትዬ ጥሩወርቅ በር ድረስ ሸኙኝ። ጉንጬን ሁለቴ ሳሙኝና አንድ ፌስታል ሙሉ ማንጎ አስያዙኝ። ከሁለት አማት አንዷን አግኝቻለሁ ማለት ነው።

እና ወገን፣ ቤታችሁ መናገር ያቆመ አሮጌ ሬዲዮ ካለ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ስፒከሩ ብቻ ይበቃኛል።

ግን መጀመሪያ አባታችሁን ጠይቁ።