የጠያቂ አዳራሽ

እናንተዬ፣ ሆስፒታል የተሠራው ለጠያቂ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ጋሽ በለጠ አሉልኝ። ፍራንክፈርት ያለው የሰፈራችን ሆስፒታል ሊስፋፋ ነው ተብሎ ነዋሪው ሲሰበሰብ፣ አስተርጓሚያቸው ሆኜ አብሬያቸው ሄድኩ።

አርክቴክቷ ለየአልጋው ሁለት የጠያቂ ወንበር እንዳሰበች ስትናገር ጋሼ ብድግ አሉ።

«ሁለት? የሐሞት ጠጠር ሳስወጣ ግማሹ ጠያቂዬ ዝናብ ላይ ነው የቆመው!»

«ስንት ሰው ነው የሚጠይቅዎት?»

«እንደ በሽታው ነዋ! ለኦፕራሲዮን ከሽቫንሃይም ሰፈር ብቻ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ይመጣል። የፍሉግሃፈኑ፣ የኤርፖርቱ ሠራተኞች ደግሞ ከሺሽት ፈረቃቸው ሲወጡ ይደርሳሉ።»

ምስኪን፣ የምሯን ኮምፒውተሯ ላይ የጠያቂ አዳራሹን ታሰፋው ጀመር። አሰፋችው፣ አሰፋችውና ቀና አለች።

«አሁን ለአልጋ ቦታ የለም።»

ጋሼ ሳቁባት።

«ልጄ፣ የታመመው ሰውዬማ አንድ ጥግ አያጣም!»