ጋሽ ተጽፏል እና ያላለቀችው ሰሌዳ

ማንበብን በልጅነቱ የተማረ ሰው ጽሑፍን እንደ ግድግዳ ያልፈዋል፤ በሃምሳ ዓመቱ የተማረ ግን አንዲት ነጥብ አታመልጠውም። ይህን ዓይነት ሰው ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መድኃኒት ቤት ከፊታችሁ ቆሞ፣ ከእንክብሉ ጋር የታሸገችውን ወረቀት እስከ ታች ሳያነብ የማይነቃነቀው እሱ ነው። ቢሮ ውስጥ “እዚህ ጋ ይፈርሙ” ሲባል መነጽሩን አውጥቶ፣ ጠርጎ፣ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ሰልፉን የሚያስረዝመውም እሱ ነው።

የዚህ ወገን አለቃና መሪ የሆኑት ክቡር ሰው ጋሽ ተጽፏል ይባላሉ። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነበር። ይህኛውን ያወጣው ጎረቤት ነው፤ ጎረቤት ያወጣው ስም ደግሞ በሳሙናም አይለቅም።

ስሙ የመጣው ከአንድ ቃል ነው፤ ቃሉ የመጣው ከአንድ ውድቀት። ጋሽ ተጽፏል በሃያ ሁለት ዓመታቸው ሕንፃ በሚሠራበት ቦታ ሲሚንቶ ተሸካሚ ነበሩ። ሲሚንቶውን ወደ ላይ የሚያወጣው በገመድ የሚሳብ ሳጥን ነበር፤ በሳጥኑ ጎን ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ ነገር አለ። ወጣቱ ተሸካሚ የባለቤቱ ስም መስሏቸው፣ ቀለሙም ስላማራቸው፣ በየጠዋቱ አቧራውን በክንዳቸው ይጠርጉለት ነበር። አንድ ቀን ጉልበታቸው ዛለና ከስድስት ከረጢት ሲሚንቶ ጋር ሳጥኑ ላይ ወጥተው ተቀመጡ። ሦስተኛ ፎቅ ሲደርሱ ገመዱ ተበጠሰ። ታች የአሸዋ ክምር ባይኖር ኖሮ ዛሬ የሚወራላቸውም ባልኖረ። ቀኝ እግራቸውና ሁለት የጎን አጥንታቸው ተሰብሮ አራት ወር ተኙ።

የሥራው አለቃ ሊጠይቃቸው መጣ። ብርቱካን የያዘውን ፌስታል አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀምጦ ራሱን ነቀነቀ።

“ምን ነካህ ልጄ? ተጽፏል እኮ።”

“ምን ተብሎ?”

“‘ሰው አይጫንበትም’ ተብሎ ነዋ።”

ከስብራቱ ይልቅ ያመማቸው ይህ ነው። በየጠዋቱ ሲጠርጉት የኖሩትን ነገር አላወቁትም።

ሆድ ግን ፊደል እስኪቆጠር አይጠብቅም። እንጀራ ሲፈልጉ ሠላሳ ዓመት አለፈ። በመጨረሻ ፊደል የቆጠሩት ያለ መምህር፣ ታናሽ እህታቸው አጠገብ ተቀምጠው ነው። እህታቸው ልብስ ሰፊ ናት፤ የልብሱን ልክ መጀመሪያ በአሮጌ ጋዜጣ ላይ ቆርጣ ታወጣለች። እሷ ስትሰፋ እሳቸው እጅጌና አንገትጌ እያነሱ ያነባሉ። ችግሩ ጋዜጣው መቀስ የገባበት መሆኑ ነው። “ከሃያ ዓመት በኋላ የተገናኙት ወንድማማቾች መጀመሪያ የተነጋገሩት” ይልና ብብቱ ላይ ያልቃል። “ባለሙያዎቹ የባሕሩን ጥልቀት ሲለኩ ድንገት ያገኙት” ይልና ትከሻ ይሆናል።

“ቀሪው የት አለ?” ሲሏት፣ “ቀሪውማ ሱሪ ሆኖ ሄዷል ጋሼ” ትላቸው ነበር።

ስለዚህ ያላለቀ ዓረፍተ ነገር ለጋሽ ተጽፏል ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ነው። እርምጃ አያስኬዳቸውም።

ወንድምና እህት የሚኖሩት ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ ሰባተኛው ላይ ነው። የእህት የስፌት ሱቅ እዚያው ሕንፃ ሥር ነው። የምትንቀሳቀሰው በዊልቸር ስለሆነ በቤቷና በሥራዋ መካከል ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሊፍቱ። ሊፍቱ ውስጥ “ከስምንት ሰው ወይም ከ630 ኪሎ በላይ አይጫንም” የሚል ጽሑፍ አለ። ሌላው ሰው ይህን ጽሑፍ እያየ ፀጉሩን ያስተካክላል። ጋሽ ተጽፏል ግን ከሥራ መልስ ሰው ሲበዛ በሩን በእጃቸው ይዘው ምርመራ ይጀምራሉ።

“ሰባት ነን። ጥሩ። አንተ ስንት ኪሎ ነህ?” ይሉታል አራተኛ ፎቅ የሚኖረውን ዳቦ ጋጋሪ፤ ወርዱ ከበሩ ጋር የሚፎካከር ሰው ነው።

“ጋሼ፣ ይሄ ደግሞ ሰው መሃል ይጠየቃል?”

“‘ወይም’ ይላል እኮ። በሰው ብናልፍ በኪሎ እንወድቃለን።”

“መቶ አሥራ ሁለት።”

“ከነዳቦው?”

“ጋሼ፣ ‘አይጫንም’ የሚለው እርስዎንም ይመለከታል። በጣም ተጫኑን።”

ሰው ሁሉ ይስቃል። ጋሽ ተጽፏል ግን ፊታቸው ሳይፈታ “ተጽፏል እኮ” ብለው በሩን ይለቃሉ።

አንድ ማክሰኞ ከሊፍቱ ቁልፎች በታች ተለጥፎ የነበረ የጥርስ ሐኪም ማስታወቂያ ተላቆ ወደቀ። ከሥሩ መዳፍ የምታህል የነሐስ ሰሌዳ ብቅ አለች። ጋሽ ተጽፏል መነጽራቸውን አወጡ።

“የመውደቅ መከላከያው በየዓመቱ ይፈተሻል። መጨረሻ የተፈተሸበት ቀን፦”

ከዚያ በኋላ ባዶ መስመር ነው። ሊፍቱ ሰባተኛ ፎቅ ደርሶ ተከፈተ፣ ተዘጋ፤ እሳቸው አልወረዱም። ታች ደርሰው እንደገና ወጡ። ምናልባት ቁጥሩን አቧራ ሸፍኖት ይሆናል ብለው ሰሌዳዋን በሸሚዛቸው ጫፍ ፈተጓት። ምንም የለም። መቀስ እንኳ አልገባበትም፤ ዝም ብሎ ሳይጨርስ የተወው ሰው አለ።

የሕንፃው አስተዳዳሪ አንድ ጆሮዋ ሁልጊዜ ስልክ ላይ ያለ ሴት ናት። በሌላው ጆሮዋ ሰማቻቸው።

“ሊፍቱ ይሠራል አይደል እንዴ ጋሼ?”

“ይሠራል።”

“ታዲያ ምን ሆኑ?”

“ሲሠራማ ምን ቸገረኝ። እኔ የምጠይቀው ሊፍቱ አልሠራም ያለ ቀን ስለሚሠራው ነው። ማነው እሱ? የት ነው የሚቀመጠው? መጨረሻ የታየው መቼ ነው?”

“ሰው ጠፋብዎ እንዴ?” አለች አስተዳዳሪዋ።

ዘጠኝ ቀን ተመላለሱባት። በአሥረኛው ቀን፣ እሳቸውን ከማየት ይሻላል ብላ፣ ሊፍቱን ወደሚጠግነው ድርጅት ደወለች። መልሱ ማንም ያልጠበቀው ሆነ። መከላከያው ስለመፈተሹ መዝገብ ላይ ምንም የለም፤ ካልተመዘገበ ደግሞ እስኪፈተሽ ድረስ ሊፍቱ መቆም አለበት፤ ባለሙያው የሚደርሰው ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ነው። ተፈትሾ ካልሠራስ? ዕቃው ታዝዞ እስኪመጣ አምስት፣ ስድስት ወር።

በማግስቱ የሊፍቱ በር ላይ ወረቀት ተለጠፈ፤ “እስኪፈተሽ አይሠራም።” ዳቦ ጋጋሪው ላቡን እየጠረገ ደረጃውን ሲወጣ ጋሽ ተጽፏልን ሁለተኛ ፎቅ ላይ አገኛቸው።

“ጋሼ፣ ወረቀቱን አዩት? ተጽፏል እኮ።”

ሰባተኛ ፎቅ ላይ ግን የሚስቅ ሰው አልነበረም። ትምህርት ሊከፈት ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። እህት የአንድ ትምህርት ቤት ሙሉ ዩኒፎርም ተቀብላለች። ስድስት ወር ሙሉ የለመናት ትምህርት ቤት ሳይሆን፣ ስድስት ወር ሙሉ እሷ የለመነችው ነው። የስፌት መኪናዋ ታች፣ እሷ ላይ።

“ማን ተናገር አለህ?” አለቻቸው።

“ሰሌዳው።”

“አሥራ አንድ ዓመት ሳላነበው ወርጃለሁ ጋሼ። አንድ ቀን ወድቄ አውቃለሁ?”

ጋሽ ተጽፏል አፋቸውን ከፈቱ። የታወቀው ቃላቸው እስከ ምላሳቸው ጫፍ መጥቶ ነበር፤ ዋጡት።

ከዚያ በኋላ አኮረፈቻቸው። ማኩረፍ ስል ተራ ኩርፊያ እንዳይመስላችሁ። እሷ ላይ ሆና ትቆርጣለች፣ ቁልፍ ትተክላለች፣ በእጅ የሚሰፋውን ትሰፋለች። እሳቸው ጥቅሉን ተሸክመው እያነከሱ ይወርዳሉ፣ ሱቁ በር ላይ የልጆች ልክ ይወስዳሉ፣ ይመለሳሉ። በመካከላቸው የሚያልፈው ቁጥር ብቻ ነው።

“ወገብ?”

“ስልሳ ሁለት።”

“ቁመት?”

“ሰማንያ።”

“ሂድ።”

በመኪና የሚሰፋው በየቀኑ እየተከመረ ሄደ። ጋሽ ተጽፏል በየደረጃው መታጠፊያ እየቆሙ ይተነፍሳሉ፣ ያስባሉም። መከላከያው ደህና ከሆነ አሥራ ሁለቱ ቀን በከንቱ አለፈ ማለት ነው። ደህና ካልሆነ ደግሞ እህታቸው ስድስት ወር ላይ ትቀራለች፤ ትምህርት ቤቱ ሌላ ሰፊ ያገኛል፤ ያገኘ ደግሞ አይመለስም። የትኛውን መመኘት እንዳለባቸው ጠፋቸው። በዚህ ሁሉ መሃል ግን አንድ ነገር አልለቃቸው አለ። ያ መከላከያ ምን ይመስል ይሆን? እንዴት አድርጎ ይሆን የሚይዘው? በእህታቸው ኪሳራ ይህን ያህል ለማወቅ መጓጓታቸው አሳፈራቸው። አፍረውም ጓጉ።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ጠዋት ባለሙያው መጣ፤ የመሣሪያ ሣጥን የያዘ፣ ከእንቅልፉ ጋር ያልተፋታ የሃምሳ ዓመት ሰው። ጣሪያ ላይ ወዳለችው የሞተር ክፍል ሲወጣ ጋሽ ተጽፏል ከኋላው ነበሩ።

“የት አለ?” አሉ ገና ሳይገቡ።

“ምኑ?”

“የሚይዘው።”

ባለሙያው ትልቁን ሞተር አልፎ፣ ጥግ ላይ ያለች ሰሃን የምታህል መዘውር አሳያቸው። እንደ ትንሽ ጣት የቀጠነች የብረት ገመድ ዞራባታለች። ጋሽ ተጽፏል ቅር አላቸው።

“ይቺ ናት ስምንት ሰው የምትሸከመው?”

“እሷ ምንም አትሸከምም። የሚሸከሙት እነዚያ ወፍራሞቹ ናቸው። የእሷ ገመድ ሰው ከሚሳፈርበት ሳጥን ጋር ታስራ አብራው ትወጣለች፣ አብራው ትወርዳለች፤ ሥራዋ ፍጥነቱን ማየት ነው። ዘበኛዋ ነው የምንላት።”

“ሲፈጥንስ?”

“ውስጧ ሁለት ክብደቶች አሉ፣ ይዩ። ቀስ ስትል ተሰብስበው ይቀመጣሉ። ስትፈጥን እንደምትሽከረከር ልጅ ቀሚስ ይዘረጋሉ። ሲዘረጉ ይቺን ጥርስ ይይዛሉ፤ መዘውሯ ቀጥ ትላለች።”

“ከዚያስ?”

“ገመዷ ቆመች፤ ሳጥኑ ግን ገና እየወረደ ነው። ስለዚህ ሳጥኑ ላይ ያለውን ማንሻ ትጎትተዋለች። ያኔ ከሥሩ ያሉት ሽብልቆች ከሐዲዱ ጋር ይሰነቀራሉ።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ ሳጥኑ ወደ ታች በገፋ ቁጥር ሽብልቁ እየጠበቀ ይሄዳል። የሚያስረው የራሱ ክብደት ነው።”

“ማለት፣ ለመውደቅ ሲታገል ነው የሚታሰረው?”

“እንደሱ ነው።”

“መብራት ቢጠፋስ?”

“ከመብራት ጋር ምን አላት? እሷን የሚያሠራት ውድቀቱ ነው።”

“ለማስለቀቅስ?”

“ወደ ላይ ማንሳት ብቻ። ወደ ታች በምንም አይለቅም።”

ባለሙያው መፍቻውን አስቀመጠ። የመሣሪያ ሣጥኑን ገልብጦ መቀመጫ አደረገላቸው።

“ይቀመጡ አባቴ። ሃያ ሁለት ዓመት ስሠራ ሰው ሁሉ የሚለኝ ‘መቼ ያልቃል?’ ነው። ‘ከዚያስ?’ ያለኝ እርስዎ የመጀመሪያ ነዎት።”

ባዶውን ሳጥን ቀስ ብሎ ወደ ታች ለቀቀውና በጣቱ የመዘውሯን ጥርስ ገፋ። ከታች፣ ከጉድጓዱ ውስጥ፣ ብረት ብረትን ሲነክስ ተሰማ። ሳጥኑ በስድስተኛና በአምስተኛ ፎቅ መካከል ቀጥ አለ። ወፍራሞቹ ገመዶች ላሉ፤ የሚሸከሙት ነገር አልነበረም። ቀጭኗ ግን እንደ ክራር ክር ተወጥራለች።

“ያዘ” አለ ባለሙያው።

ጋሽ ተጽፏል በወለሉ ቀዳዳ ቁልቁል አዩ። ለረጅም ጊዜ አዩ።

“እንደገና ማየት ይቻላል?”

“አባቴ፣ መጫወቻ እኮ አይደለም” አለ ባለሙያው። ግን ሳጥኑን ወደ ላይ አንስቶ አስለቀቀና ደገመው።

ሐዲዱ ላይ የቀረውን የሽብልቅ ጭረት በሞረድ ካለሰለሰ በኋላ፣ ሊፍቱ ውስጥ ገብቶ በሹል ብረት ሰሌዳዋ ላይ ቀኑን ጫረ። ጋሽ ተጽፏል ጣቱን ተከትለው አነበቡ፤ ዓመቱን ዘልሎት ነበርና ነገሩት፤ ጨመረው።

ታች ዳቦ ጋጋሪው ዳቦ የሞላ ፌስታል ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ፣ እጁን አጣጥፎ ጠበቃቸው።

“እሺ፣ ተበላሽቶ ነበር?”

“የለም። ጤነኛ ነው።”

“ታዲያ እኔ አሥራ ሁለት ቀን ደረጃ የወጣሁት ለምንድን ነው?”

“ስንት ኪሎ ቀነስክ?”

“አራት” አለ ዳቦ ጋጋሪው ሳይወድ።

“በል ይኸው ነው። አሁን ለሌላ አንድ ቦርሳ ቦታ አለን።”

ዳቦ ጋጋሪው ሊቆጣ ፈልጎ ሳቁ ቀደመው። ከዚያ፣ ማንም እንዳይሰማው ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ “ግን ጋሼ፣ እንዴት አድርጎ ነው የሚይዘው?” አላቸው። ጋሽ ተጽፏል ይህን ጥያቄ ከሰው አፍ ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል፣ ከፌስታሉ ሁለት ዳቦ ነጠቁና በግራና በቀኝ ይዘው “እነዚህ ሽብልቆች ናቸው እንበል፤ አንተ ሳጥኑ ነህ” ብለው ጀመሩ። ዳቦዎቹ ወገቡ ላይ ተሰነቀሩ። “አሁን ውደቅ” አሉት። “በምን በኩል?” አለ። ሲከራከሩ ከኋላቸው የሊፍቱ በር ተከፈተ።

“ጋሼ።”

ዞሩ። እህታቸው ጉልበቷ ላይ የተከመረ ሰማያዊ ጨርቅ ይዛ በዊልቸሯ ወጣች። ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ከቁጥር ሌላ የተናገረቻቸው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር።

“ዛሬ ምነው ጀርባህን ሰጠኸኝ? በየጠዋቱ በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የማየው ያንተን ፊት አልነበር?”

ጋሽ ተጽፏል ዳቦዎቹን ለባለቤታቸው መለሱ።

“ሱቁን ከፍቼ መጥቼ እዚህ እቆም የለ። ከበሩ በላይ ያለውን ቁጥር ነበር የማየው። ሰባት ይላል፣ ስድስት ይላል። ዜሮ እስኪል አልተነፍስም ነበር።”

“አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ?”

“አሥራ አንድ ዓመት።”

“አንድ ቀን እንኳ አልነገርከኝም።”

“ምን ብዬ? ፍራቻዬን ይዘሽ እንድትወርጂ?”

እህት ጨርቁን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች።

“ዛሬስ?”

“ዛሬማ ረሳሁሽ” አሉ ጋሽ ተጽፏል። “ሰው በዕድሜው ስንት ነገር ይመኛል። ለእኔ ትልቁ ነገር ይኸው ነው፤ አንቺ እየወረድሽ እኔ ስለ ዳቦ ማውራት መቻሌ።”