ዓረፍተ ነገር የማያስጨርሱት አስተርጓሚ

በዶክተር ሰሎሜ ላይ የተፈጸመው በደል ይህ ነው፦ አሰላ ላይ፣ በሕዝብ ፊት፣ ያልተናገረችው ነገር በስሟ ተነገረ። ተናጋሪው ክቡር አቶ ሀሰኖ ናቸው።

ሁለት ቋንቋ በሚነገርበት ከተማ ሁሉ አንድ አቶ ሀሰኖ አይታጣም። ሳይሾሙት የተሾመ፣ ሳይጠሩት የሚደርስ አስተርጓሚ ነው። ፍርድ ቤት ደጃፍ፣ ጤና ጣቢያ፣ ሽምግልና፣ ሁለት ሰዎች ሳይግባቡ በቆሙበት ሁሉ ከመሬት የበቀለ ይመስል መካከላቸው ይገኛል። ያለ እርሱ አይሆንም፤ ከእርሱም ጋር አይሆንም።

የአሰላው አቶ ሀሰኖ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት መናኸሪያ ውስጥ ትኬት በመቁረጥ ነው። መንገደኛው ተናግሮ ሳይጨርስ መድረሻውን ማወቅ ለእርሳቸው የሙያ ክብር ነበር። «ወደ አር…» ሲባሉ «አርቦዬ! ገባኝ፣ ገባኝ!» ብለው ቆርጠው ይሰጣሉ። አርሲ ነገሌ ሊሄድ የተነሣ አንድ መምህር በዚህ ምክንያት አርቦዬ ገብቶ፣ ሚስት አግብቶ፣ እዚያው ቀርቷል። አቶ ሀሰኖ ይህን የሚያወሱት እንደ ስሕተት ሳይሆን እንደ ማስረጃ ነው፦ «ተሳስቼ ቢሆን ኖሮ ይመለስ አልነበር?»

ጡረታ ሲወጡ ትኬቱ ቀረ፤ ጥድፊያው ግን አልቀረም። ከጎጃም ተመድባ የመጣችው ነርስ ራሄል አንዲት በሽተኛን «መድኃኒቱን አቋርጠሽ ምን አድርጊ ነው የምትይኝ!» ብላ ስትቆጣ፣ አቶ ሀሰኖ በኦሮምኛ «ስላላየሁሽ እንቅልፍ አልወሰደኝም ትልሻለች» ብለው ዐረፉ። ሴትዮዋ በማግሥቱ ለራሄል ቅቤ ይዛ መጣች፤ መድኃኒቷንም ዳግመኛ አላቋረጠችም።

ወደ ዋናው ክስ እንመለስ። ዶክተር ሰሎሜ ኬሚስት ናት፤ ኦሮምኛ አትችልም። ምርምሯን ለሕዝብ እንድታስረዳ በተጠራችበት አዳራሽ የተመደበው አስተርጓሚ ቢቀር፣ አቶ ሀሰኖ ከወንበራቸው ተነሥተው አጠገቧ ቆሙ። እርሷም ቃላቷን እየመዘነች ጀመረች። ቅንጣቷ በዓይን አትታይም፤ እምብርቷ ማግኔት የሚስበው የብረት ማዕድን ነው፤ ላይዋ መስተዋት ከሚሠራበት ከሲሊካ የተበጀ ቅርፊት ለብሷል። በቅርፊቱ ቀዳዳዎች መድኃኒት ወይም ጂን የሚባለው ዘረመል ይጫናል፤ ቅንጣቷም ከውጭ በማግኔት እየተሳበች የካንሰር ዕጢው ዘንድ ደርሳ ጭነቷን ታራግፋለች። የምርምሩ ዓላማ ጤነኛው አካል እምብዛም እንዳይጎዳ ነው።

ጭነት፣ መስመር፣ መድረሻ! አቶ ሀሰኖ እንዲህ ያለ ሳይንስ ሰምተው አያውቁም። «ይህ መድኃኒት እንደ ሌላው በየሰፈሩ አይዞርም» አሉ ለሕዝቡ። «ቀጥታ ነው። መንገድ ላይ አይቆምም።» ዶክተር ሰሎሜ ይህን ኋላ ስትሰማ ስሕተት ፈልጋበት አላገኘችም። ያ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

ጥፋቱ የደረሰው በሁለት ቃላት ነው። የቅንጣቷን ደቃቅነት ስትገልጽ «ናኖ» አለች። ናኖ በኦሮምኛ አካባቢ፣ ክልል ማለት ነውና፣ የናኖ መድኃኒት «የክልላችን መድኃኒት» ሆነ። አዳራሹ አጨበጨበ፤ ለሲሊካ መሰላት። ቀጥላም የምርምሯ ሐቀኝነት ሁሉ የተንጠለጠለበትን ዓረፍተ ነገር ጀመረች፦ «ይህ ግን ለሰው ገና…»

«ገባኝ፣ ገባኝ!» አሉ አቶ ሀሰኖ፤ ወደ ሕዝቡም ዞረው «ለሰው የሚሰጠው በገና በዓል ነው» ሲሉ አወጁ።

«አልተሞከረም» የሚለው ግስ በጭብጨባው መካከል ሰሚ አጥቶ ቀረ።

ሳምንት ሳይሞላ፣ ዶክተር ሰሎሜም ከአሰላ ሳትነሣ፣ ራሄል እየሮጠች መጣች። «ዶክተር፣ የሁሩታዋ አዴ አሚራ ለጡት ካንሰራቸው አዲስ አበባ ሄደው እንዲታከሙ ተነግሯቸው ነበር። አሁን አልሄድም አሉ። ‹የክልላችን መድኃኒት በገና ሊመጣ ምን አንከራተተኝ? እስላም ሆኜ ገናን እንዲህ እናፍቃለሁ ብዬ አላስብም ነበር› ይላሉ አሉ።»

ገና ሩቅ ነበር። ዕጢ ደግሞ በዓል አይጠብቅም።

ዶክተር ሰሎሜ አቶ ሀሰኖን ባጃጅ ተራው ላይ ሊሳፈሩ ሲሉ አገኘቻቸው።

«ጋሽ ሀሰኖ፣ ያላልሁትን ተናገሩ።»

«ገና አላልሽም እንዴ፣ ልጄ?»

«ብያለሁ፤ ነገር ግን…»

«ገባኝ፣ ገባኝ።»

«አልገባዎትም! አዴ አሚራ ገናን ሲጠብቁ ሊሞቱ ነው።»

ይህን አስጨረሷት። ኮፍያቸውን አውልቀው «ያ ረቢ» አሉ። ከዚያም ባጃጁን ትተው ወደ ሁሩታ የሚሄድ መኪና ፍለጋ እርሷን አስከትለው ሄዱ።

አዴ አሚራ ደጃፋቸው ላይ ምስር ይለቅሙ ነበር። ዶክተር ሰሎሜ ቃል በቃል እንዲተረጎምላት አስጠነቀቀች፦ «መድኃኒቱ ለሰው አልደረሰም። የሰሙት የትርጉም ስሕተት ነው። ይቅርታ እጠይቃለሁ።» የአቶ ሀሰኖ ትርጉም ከዚህ በብዙ እጥፍ ረዘመ። አዴ አሚራ አንድ ነገር ጠየቁ፤ ተመለሰላቸው። አፋቸውን በሻርፓቸው ሸፍነው ሳቁ። ከዚያም ምስሩን አስቀምጠው ተነሡና ምራታቸውን ጠርተው ልብስ ያስሸክፉ ጀመር።

«ምን አሏቸው?» አለች ዶክተር ሰሎሜ።

«ያልሽውን።»

«ጋሽ ሀሰኖ!»

«‹የለም፣ ስሕተት ነው› ብላት ቃሉ ተስፋዋን ይዞባት ይሄድ ነበር። ‹የክልላችን መኪና መንገድ ላይ ነው፤ መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም። አንቺ ግን አሁን የሚነሣ አለሽ። ትኬት በእጁ ያለ ሰው የሚቀጥለውን ይጠብቃል ወይ?› አልኋት። ደግሞ ማን ያስተረጉምልኛል ስትል፣ እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ አልኋት።»

ሄዱም። አዲስ አበባ ላይ ሐኪሙ «ሕክምናው ለጊዜው ፀጉር…» ብሎ ሲጀምር አቶ ሀሰኖ «ገባኝ፣ ገባኝ» አሉ። አዴ አሚራ የኮታቸውን እጅጌ ያዝ አድርገው በኦሮምኛ እየተማፀኑ «ማሎ ሀሰኖ፣ ሰውየው ይጨርስ!» አሏቸው። ሕክምናው ተጀመረ፤ አቶ ሀሰኖም በእያንዳንዱ ቀጠሮ አብረው ተመላለሱ።

ዶክተር ሰሎሜ በቅርቡ ለሌላ ንግግር ተጠርታ ነበር። የሠለጠነ አስተርጓሚ ሊመድቡላት ቢሉ እምቢ ብላ አቶ ሀሰኖን አስጠራች። ለጥንቃቄ ያህል ግሡን አስቀድማ መናገር ተለማምዳለች፦ «አልተሞከረም፣ ይህ ነገር፣ በሰው ላይ።»

በሁሩታ ገበያ ግን መድኃኒቱ ዛሬም የክልሉ ነው፤ የሚመጣውም በገና ነው ይባላል። አቶ ሀሰኖ በሕዝብ ፊት አላስተባበሉም። ይቅርታም አልጠየቁም።