የጋሽ ይመር ሽቦ

ውኃ ሽቅብ አይፈስም ይላሉ። ይህን ያለው ሰው ማንጎ አልነበረውም። እኛ ከቦኖው አንድ ቢጫ ጄሪካን ይዘን ዳገቷን ስንወጣ ፈጣሪንም ቀበሌውንም ጠርተን ነው የምንደርሰው፤ ማንጎ ግን ያለ ሞተር፣ ያለ ጄሪካን፣ ያለ ኮሚቴ ከመሬት ሆድ የመዘዘውን ውኃ ከጣራ በላይ አውጥቶ ለእያንዳንዷ ቅጠል ያድላል። ኮሚቴ ስለሌለው ይሆናል የሚዳረሰው።

ትምህርት ቤትን የማውቀው በአጥሩ በኩል ስለሆነ፣ የምነግራችሁን ለፈተና እንዳታጠኑት። ያየሁትን ግን አይቻለሁ። ትንሽ ካሰፋሁት ጥፋቱ የአሶሳ ዝናብ ነው፤ እዚህ አገር የጣሉት ሁሉ አብጦ ይበቅላል፣ ወሬም ጭምር።

መንደራችን ስም የላትም። በደርግ ጊዜ ወላጆቻችንን ከወሎ አምጥተው ሲያሰፍሩ ቁጥር ሰጧት፣ በቁጥሯ ቀረች። በእሷ ውስጥ የጋሽ ይመር ጓሮ አለ፣ በጓሮው ደግሞ አንድ ትልቅ ማንጎ። የተከሉት የበርታው ጎረቤቱ የጋሽ ኸሊፋ እናት ናቸው፤ በርታዎቹ ከእኛ በፊት የነበሩ የአገሩ ሰዎች ናቸውና። ያን ጊዜ ከመኪና ላይ እንደ ጆንያ የተራገፉት ሰፋሪዎች፣ ወጣቱ ይመርም አብሮ፣ ጎጆ እስኪቀልሱ የተጠለሉት በዚያ ዛፍ ሥር ነው። አሮጊቷ አማርኛ አይችሉም፣ ሰፋሪው በርትኛ አይችልም፤ በእጃቸው ብቻ ወደ ጥላው ጠሯቸው። ገባቸው። ይመር ኋላ ግቢውን በዛፉ ዙሪያ አጠረ፣ ኸሊፋም አልከፋው፤ በየዓመቱ የመጀመሪያዋ ማንጎ ስትበስል ሁለቱ ከዛፉ ሥር ተቀምጠው ለሁለት ይበሏታል። ይህን ውል ማንም አልጻፈውም። ሳይጻፍ ነው ሁለቱም ሽማግሌ እስኪሆኑ የጸናው።

አሁን ወደ ሽቦው። ምስጥን የማያውቅ አሶሳን አያውቅም። ገመድ መሬት ላይ ጥላችሁ ብታድሩ ጠዋት የምታገኙት የገመዱን ወሬ ነው። አንድ ጎረቤቴ ምርኩዙን ተደግፎ ሲያወራኝ ምስጡ ከታች በልቶ ሰውየውን አሳጥሮብኛል። ውሸት ነው ካላችሁ ምርኩዙን አሳያችሁ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ቀሪውንም በላው። ጋሽ ይመርም በሬውን የሚያስርበት ገመድ በላዩ ላይ እየተበላበት ቢቸገር፣ ከአጥር የተረፈ ሽቦ አምጥቶ በግንዱ ዙሪያ ጠመጠመና በሬውን እዚያ ላይ አሰረ።

«በል እንግዲህ፣ ጥርስህን አያለሁ!» አለ ለምስጡ።

በሬው ሳር ፍለጋ በጎተተ ቁጥር ሽቦው ቅርፊቱን እንደ መጋዝ እየገዘገዘ ገባ። ማንም ልብ አላለም። ሁላችንም ሽቅብ ነበር የምናየው።

ምክንያቱም በቀጣዩ ወቅት ማንጎው አበደ። ቅርንጫፎቹ በፍሬ ብዛት መሬት ሳሙ፤ ወፍ ማረፊያ አጥታ እየበረረች በላች። የኩርሙክ ነጋዴዎች ከሱዳን ድንበር ድረስ ሽታውን ተከትለው መጡ ብላችሁ ለሌላ ሰው ብትነግሩልኝ አልቃወምም። ጋሽ ይመር ደረቱን ነፍቶ ሚስጥሩን አወጣ።

«ሽቦው ነው። ዛፍም እንደ ሰው ነው፤ ጠበቅ ሲያደርጉት ይሠራል።»

ከዚያ በኋላ በመንደራችን ያልታሰረ ማንጎ ፈልጋችሁ አታገኙም ነበር። ሽቦ ያጣ አጥሩን ፈታ፤ ፍየሎቹ በተፈታው በኩል ወጥተው የታሰረውን ዛፍ ይጎበኙ ነበር።

ክረምቱ ገባ። ዝናቡ እንደ ልማዱ ሰማይ ተቀዶ ሲወርድ የጋሽ ይመር ማንጎ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ ጫፉም መድረቅ ጀመረ። አስቡት፤ ሥሩ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ዛፍ ተጠማ። ከሽቦው በላይ ያለው ግንድ እንደ እንቅርት አብጧል፣ ከሽቦው በታች ያለው ከስቷል። ጋሽ ይመር ሽቦውን ፈቶ ጣለው፤ ቁስሉን ግን ምን ይፍታው? ከኸሊፋ መሸሽ ጀመረ። ኸሊፋ በላይ በር ሲመጣ እሱ በታች በር ይወጣል።

«የእናቱን ጥላ ገድዬ በየትኛው ዓይኔ ነው የማየው?» አለኝ አንድ ቀን፣ መሬት መሬት እያየ።

ቀልደኛ ነኝ እንጂ ጨካኝ አይደለሁም። ሄጄ ጫልቱን ጠራኋት። ጫልቱ የባምባሲ ልጅ ናት፣ የቀበሌያችን የግብርና ባለሙያ። እብጠቱን በመዳፏ ዳበሰችው።

«አባባ ይመር፣ ዛፉን አንቀውታል።»

«አንቄው እንዴት ያን ሁሉ ያፈራል?»

«ስላነቁት ነዋ ያፈራው!»

እንደ እሷ አነጋገር፣ ዛፍ ውስጥ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በእንጨቱ ውስጥ ነው፤ ውኃው፣ በውስጡ ከሟሟው የመሬት ቅመም ጋር፣ በእሱ ይወጣል። ቅጠሉ ነው የሚስበው። ፀሐይ ከቅጠል ላይ አንዲት ጠብታ ስትወስድ ተከታይዋ ትሳባለች፣ እሷም የኋለኛዋን ትጎትታለች፣ እንዲህ እየተያያዙ እስከ ሥር ጫፍ። በእኛ አካባቢ ሰዎች አንድ እንስራ ከበው በረጅም መቃ ሲጠጡ አይታችሁ ከሆነ ያው ነው፤ ልዩነቱ ዛፍ ጠጥቶ አይዘፍንም። ሁለተኛው መንገድ ከቅርፊቱ ሥር ነው። ቅጠል በፀሐይ ያበሰለው ምግብ በእሱ ወርዶ ሥሩን ያበላል። ሽቦው የዘጋው ይህንን ነው። ውኃው በውስጥ በኩል መውጣቱን ቀጠለ፤ ምግቡ ግን መውረጃ አጥቶ ላይ ቀረ፣ ላይ ያለው ሁሉ በላ፣ አበበ፣ አፈራ። ሥር ደግሞ አቤቱታ አያውቅም። ጨለማ ውስጥ ሆኖ ውኃ እየላከ ምሳውን ይጠብቃል። መላክ ሲያቅተው ነው ራቡ የሚታወቀው።

ይህን ስሰማ ስንት ሰው ትዝ አለኝ መሰላችሁ! ወደ ላይ የሚወጣውን የሚያደንቅ ሞልቷል፤ ወደ ታች ምን ተመለሰ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። እኔ የማወራው ስለ ማንጎ ነው። እናንተ ሌላ ካሰባችሁ ኃላፊነቱ የራሳችሁ ነው።

በዚህ መሃል ጋሽ ኸሊፋ ከተፍ አለ። የሚወጣበት የታች በር በእኔ ተይዞ ስለነበር ጋሽ ይመር አላመለጠም። ኸሊፋ ቁስሉን ረጅም ጊዜ አየ።

«ያ ይመር» አለ፣ ዐረብኛ ጣል ባደረገበት ስብርባሪ አማርኛው፣ «እናቴ አንተን ወደ ጥላ አስገባ። አንተ ሽቦ አስገባህ።»

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ወንድሜ። ከፈለግህ እኔንም እሰረኝ።»

«አንተ ቢታሰር ማንጎ አያፈራ፤ ለምን ልሰር?» አለና ወደ ጫልቱ ዞረ። «ልጄ፣ ይድናል?»

«ሥሩ ጨርሶ ካልሞተ ድልድይ እንሠራለታለን።»

ከግንዱ ግርጌ የበቀሉ ለጋ ቀንበጦች ቆርጣ ሁለቱንም ጫፋቸውን አሾለች። አንዱን ጫፍ ከቁስሉ በታች ካለው ቅርፊት ሥር፣ ሌላውን ከቁስሉ በላይ ሰካች። የጋሽ ይመርን ነጠላ ቀደን አሰርነው። ኸሊፋ ጭቃውን አቦካ፣ ይመር መረገ። ሁለቱ ያን ቀን እስኪመሽ ጭቃ ተቀባበሉ።

ጫልቱ ቤት ለቤት እየዞረች ሽቦ አስፈታች። ግማሹ ፈታ። ሌላው «አንድ ፍሬ ልብላበትና» አለ፤ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባል የለ?

ከድልድዮቹ ጥቂቱ ያዘ፣ ሌላው ደረቀ። የዛፉ አንድ ወገን ተቆርጦ ማገዶ ሆነ፣ በሌላው ወገን ቀላ ያለ ለጋ ቅጠል ወጣ። የማንጎ ወቅት ሲደርስ ግን አንዲት ፍሬ አልነበረውም። ሽማግሌዎቹ እንደ ልማዳቸው ከሥሩ ተቀመጡ፤ እኔም ሳልጠራ ተቀመጥሁ። አንድ መንገደኛ ከአጥሩ ውጭ ቆመና «ጋሽ ይመር፣ ዘንድሮ ተአምሩ የት ገባ?» አለ። ይመር አቀረቀረ።

«ዘንድሮ ዛፉ እግሩን እያበላ ነው» አለው ኸሊፋ። «ሂድ አንተ።»

ከዚያም ከኪሱ አንዲት የበሰለች ማንጎ አወጣና በቢላ ለሦስት ከፈላት። ከየት አመጣሃት ብንለው፣ ሽቦውን እስካሁን ካልፈታው ጎረቤታችን ዛፍ ነች፣ ሰውየው በደስታ ነው የሰጠኝ አለ። ሦስታችንም እጃችን ላይ ያለውን ቁራሽ አየነው። ከዚያ በላነው።

እውነቱን ልንገራችሁ? እንደዚያች የምትጣፍጥ ማንጎ በዕድሜዬ ቀምሼ አላውቅም።