የአንድ ክር ልዩነት

በየመንገዱ ሁለት ዓይነት ባለሙያ አለ፤ ሥራውን የሚሠራና ስለ ሥራው የሚጽፍ። ደንበኛ የሚሄደው ወደ ሁለተኛው ነው። እኔ የመጀመሪያው ነኝ።

ሁለተኛው ከልብስ ስፌት ቤቴ ጋር ግድግዳ የሚጋራው ልብስ ሰፊ ነው። ሙያውን የተማርነው አብረን፣ ከአንድ አስተማሪ ነው። አስተማሪያችን የኔን ስፌት ሲያዩ “እጅህ ይባረክ”፣ የሱን ሲያዩ “ፍታና ድገመው” ይሉ ነበር። ያ ሁሉ የተፈታ ስፌት ዛሬ በስልኩ ላይ አሥራ አራት ሺህ ተከታይ አፍርቷል። ስለዚህ አንቱታ ይገባዋልና ክቡርነታቸው እላቸዋለሁ።

ክቡርነታቸው አፋቸውን የሚከፍቱት “ውድ ተከታዮቼ” ብለው ነው። ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ እንኳ ከኋላቸው ወደቆምነው ዞረው እንደዚያ ብለውናል። ጠዋት መቀሳቸውን ፎቶ አንስተው “እንደምን አደራችሁ ትላለች” ይጽፋሉ። አንዲት ቁልፍ ሲተክሉ ሦስት ፎቶ ይለጥፋሉ።

ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ “ዛሬ ያበላሸሁት” የሚል ጽሑፍ አላቸው። አንድ ጊዜ የሙሽራ ሱሪ በካውያ አቃጥለው ቀዳዳውን ሳያፍሩ ለዓለም አሳዩ። አለቀላቸው ብዬ በሆዴ ደስ አለኝ። በማግስቱ ሦስት ሙሽሮች “እውነት የሚናገር ሰው ነው” ብለው መጡላቸው። ቅናት ነው ካላችሁኝ፣ አዎ፣ ቅናት ነው። አንጀቴ አሯል።

ባለቤቴ ሳትቀር ታነብባቸዋለች። “አንተም ጻፍ እንጂ” ስትለኝ ገጽ ከፍቼ የሠራሁትን ምርጥ ካፖርት ለጠፍኩ። አምስት ሰው ወደደልኝ። ሦስቱ ባለቤቴና እህቶቿ ናቸው፤ አራተኛውን አላውቀውም። ከሁሉም የቀደሙት ግን ክቡርነታቸው ነበሩ፤ “የጓደኛዬን እጅ እዩልኝ” ብለው በቁስሌ ላይ እንጨት ሰደዱበት።

ያን ቀን “መርፌ” በሚል የሐሰት ስም ሌላ ገጽ ከፈትኩ። በለጠፉት ፎቶ ሥር ሁሉ መዋጋት ጀመርኩ። የኮሌታው ግራ ጫፍ ከቀኙ በአንድ ክር ያጥራል። ገበሩ ተኮማትሯል። እጅጌው ዞሯል። እሳቸው ለእያንዳንዱ “እናመሰግናለን፣ እናስተካክላለን” ብለው ይመልሳሉ። ይባስ ብሎ ያስተካክላሉ። ስምንት ወር ስዋጋቸው ስፌታቸው አማረ።

ከዚያ አንድ ቀን፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ልብሱን የሰፋሁለት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ደጄን አልፎ እሳቸው ዘንድ ገባ። ስልኬን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። አንድ ወረቀት ላይ “የሚከራይ” ብዬ ጻፍኩና በሩ ላይ ለመለጠፍ ድፍረት እስኪመጣልኝ አራት ቀን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኩት።

በአምስተኛው ቀን ክቡርነታቸው ስልክ ሳይዙ ገቡ። በእጃቸው የዳይሬክተሩ ኮት አለ።

“ምነው ጠፋህ?” አሉኝ።

“የት እጠፋለሁ? የሚለየን ግድግዳ ነው።”

“እዚያ ማለቴ ነው። አራት ቀን ምንም አልጻፍክም። አሞህ ይሆን ብዬ ፈራሁ።”

ምን እንደሚያወሩ አልገባኝም አልኩ። ፊቴ ግን እንደ ካውያ ግሏል።

“አንድ ክር ያጠረ ኮሌታ የሚያይ ዓይን በዚህ መንገድ ላይ አንድ ነው” አሉ። “አስተማሪያችን ከሞቱ ወዲህ ‘ፍታና ድገመው’ የሚለኝ ሰው ያጣሁ መስሎኝ ነበር። ይኼን ኮት አንተ ሳታየው አላስረክብም።”

መነጽሬን አድርጌ ኮቱን ብርሃን ላይ ዘረጋሁት። የግራ ትከሻው ወድቋል። “የሚከራይ” ብዬ የጻፍኩበትን ወረቀት ገልብጬ በጀርባው የትከሻውን ቅድ ሣልኩላቸው።

“ፍታና ድገመው” አልኩት።

ክቡርነታቸው ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡና መፍታት ጀመሩ።